መብራት ሲሄድ ማን ይነሳ?

ይኸውላችሁ፣ ሰሞኑን እኛ ቤት ትልቅ ስብሰባ ነበር። ሦስት ልጆች፣ አንድ ስልክ፣ አንድ አጀንዳ፦ ለእናታችን ጀነሬተር መግዛት። ጀነሬተሩ ላይ በአሥር ደቂቃ ተስማማን። የተጣላነው «መብራት ሲሄድ ማን ተነስቶ ያስነሳዋል?» የሚለው ላይ ነው።

እናታችን የአበርገሌ ሰው ናት። በ2014 ዓ.ም. ከዚያ ተፈናቅላ ሰቆጣ ገባች፤ ዛሬም እዚያው ከአክስታችን ጋር በኪራይ ቤት ትኖራለች። ስኳር አለባት። ፍሪጇ ውስጥ፣ ከቲማቲሙ በላይ፣ የእሷ ኢንሱሊን አለ፤ ከጎኑ ደግሞ የሁለት ጎረቤቶቿ። ጥቅምት 2013 ከጀመረው ጦርነት ጋር ዋግ ኽምራ ለረጅም ጊዜ ጨለማ ውስጥ ቆይቷል። ያኔ እማዬ መድኃኒቷን እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ገንቦ ውስጥ እያኖረች ነው ያሳለፈችው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት (ጥቅምት 23፣ 2015) በኋላ መብራቱ ሲመለስ እልል አልን። ግን መብራት መመለስና መብራት መኖር ለየቅል ናቸው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? የተከዜ ግድብ ውኃ የአበርገሌን ቆላ ይነካል፤ የኛ ሰው ዓሣ ያወጣበታል። ግድቡ 188 ሜትር ይረዝማል፣ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሎ ኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ጳጉሜን 4፣ 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋቱ ሕዳሴ ተመረቀ፤ እኛም እንደማንኛውም ሰው ጨፈርን። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከግድብ ተነስቶ ፍሪጅ እስኪደርስ በስንት ሽቦ፣ በስንት ምሰሶ፣ በስንት ትራንስፎርመር ያልፋል! ከመካከላቸው አንዱ ሲደክም የእማዬ ፍሪጅ ዝም ይላል።

ስለዚህ ታላቃችን «አውቶማቲክ እንግዛ» አለ። ኤቲኤስ ይሉታል። መብራት ሲጠፋ ራሱ አውቆ ጀነሬተሩን የሚያስነሳ፣ ቤቱን ወደ ጀነሬተሩ የሚያዞር፣ መብራት ሲመጣም መልሶ የሚያጠፋ ሳጥን ነው። እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሳ! እኛም አዲስ አበባ ተኝተን እናድራለን! ማን ይጠላል?

መርካቶ ወረድን። ነጋዴው ገና ከበር «ጀነሬተራችሁ በገመድ ነው በቁልፍ የሚነሳው?» ብሎ ጠየቀን። ተያየን። የመረጥነው በገመድ የሚጎተተውን ነበር፤ ርካሽ ስለሆነ። ሰውየው ሳቀ። «ታዲያ ሳጥኑ እጅ አውጥቶ ይጎትትላችሁ?»

ለካ ኤቲኤስ ከፈለጋችሁ ጀነሬተሩ በባትሪ የሚነሳ መሆን አለበት፤ ትእዛዝ የሚቀበልበት መስመርም ያስፈልገዋል። ባትሪው ደግሞ ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ስድስት ወር ተቀምጦ የተፈለገ ቀን ይከዳችኋል። ሳጥኑ መብራት እንደጠፋ ዘሎ አይነሳም። ብልጭ ድርግም መሆኑን ለመለየት ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ያስነሳል፣ ሞተሩ እስኪረጋጋ ይታገሳል፣ ከዚያ ያዞራል። መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚያምነው። (ከኛ ይልቅ ልምድ አለው ማለት ነው።)

አንድ ወዳጃችን የሆነ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነገረን። ሳጥኑ ቮልቴጅም ይለካል። ከ220 ላይ 15 በመቶ ሲወርድ፣ ማለትም 187 ቮልት ላይ፣ «ጠፍቷል» እንዲል ከተስተካከለ፣ አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድና መብራቱ ሲደክም ጀነሬተሩ በየማታው ይነሳል። ቤንዚኑን ማንንም ሳይጠይቅ ያቃጥላል ማለት ነው። ቤንዚን ሰቆጣ ላይ እንዴት እንደሚገኝ ለምታውቁ ይህን መዘርዘር አያስፈልግም።

ጉልበቱም አለ። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ላዩ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አምስት አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። 2.5 ኪሎ ዋት የተባለው እዚያ ሲደርስ ከሁለት በታች ነው። ለፍሪጅና ለሁለት አምፖል ይተርፋል፤ ፍሪጅ ሲነሳ የሚጠይቀውን ጉልበትም ይችላል። ምጣድ ግን አይታሰብም።

«እንግዲያው ሁሉም ይቅር፣ በሶኬት እንሰካው» አለች ትንሿ። በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ቤት አለ። ኤሌክትሪሺያኑ እዚህ ላይ ቀልዱን አቆመ። ዋናውን ብሬከር ማውረድ ከረሳችሁ፣ የጀነሬተራችሁ 220 ቮልት በቆጣሪው አልፎ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል፤ ትራንስፎርመሩም ገልብጦ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ያደርገዋል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይሞታል። የእናታችሁን መድኃኒት ለማዳን የሌላ እናት ልጅ ገደላችሁ ማለት ነው።

ዝም አልን።

ከዚያ ለእማዬ ደወልን። ሁሉንም አስረዳናት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ፍሪጁ ካልተከፈተ ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለች። አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል አልናት። «ታዲያ በሰከንድ የሚያስቸኩላችሁ ምንድን ነው? እኔ ኦክስጅን ላይ ነኝ?»

ልክ ናት። ትንፋሹ በማሽን ላይ ላለ በሽተኛ፣ ለቀዶ ጥገና ክፍል፣ ለብዙ ሰው ክትባት ማስቀመጫ አውቶማቲኩ ግድ ነው። ኢንሱሊን ግን የጎረቤት ልጅ ነቅቶ ገመድ እስኪጎትት ይታገሳል። እኛ የገዛነው መስሎን የነበረው ለእማዬ መብራት ነው፤ ስንመረምረው ለካ ለራሳችን እንቅልፍ ነበር።

ቀጠለች። «ደግሞ ግድግዳ ላይ ብዙ ነገር አትስቀሉብኝ። ቤቱ የሰው ነው። አበርገሌ ስንመለስ ማን ይፈታዋል?»

እኛ ስለ መመለስ ካወራን ቆይተናል። እሷ ግን አንድም ቀን አላቋረጠችም።

በመጨረሻ የገዛነው በገመድ የሚነሳውን ጀነሬተርና በእጅ የሚዞር ቼንጅ ኦቨር ነው፤ አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት ያለውን። አንድ የመብራት ኃይል፣ ሁለት የጀነሬተር፣ መሀሉ ባዶ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መገናኘት አይችሉም፤ ብትፈልጉም አይሆንም። መርሳት ሰው አይገድልም ማለት ነው። ፌዙንም (ቀልዱን አይደለም) ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ዓይነት ነው። በእሱ በኩል የሚያልፈው የፍሪጁና የሁለት አምፖል መስመር ብቻ ነው። ጀነሬተሩ ከቤት ውጪ፣ ከመስኮት ርቆ ይቆማል፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት። ከአውቶማቲኩ በተረፈው ብር የመሬት ዘንግ አስቀበርን።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። መብራት ሄዶ ነበር። የጎረቤት ልጅ «እማማ፣ ላዙረው?» ሲላት «መጀመሪያ ዜሮ ላይ አቁም» እንዳለችው በኩራት ነገረችን።

ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ አንድ ነገር ጠይቃው ነበር አሉ፦ ሳጥኑ በስንት ብሎን ነው የታሰረው? በአራት፣ አላት። ካቻቢቴውን ተቀብላ ከኢንሱሊኑ ሳጥን አጠገብ አስቀምጣዋለች።