ስሙ ያልታወቀው ተጫዋች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀድሞ ስፖርተኞቻችንን ፎቶግራፍ እሰበስባለሁ። ልጆቼ «አሮጌ ወረቀት» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት በነርስነት ስለሠራሁ ይመስለኛል፣ ፎቶ ሳይ ቶሎ የሚታየኝ የሰውየው ጤንነት ነው።

የአበበ ቢቂላን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜ 5 ቀን፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ነው። ሁለተኛው በጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ በጫማ ሲሮጥ። ሰው ሁሉ እግሩን ያያል፤ እኔ የማስበው በማሊያው የተሸፈነውን ሆዱን ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። እኛ እንዲህ ያለውን ታካሚ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ ብለን ነበር የምንሸኘው። እሱ ግን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።

ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን ፎቶም አለኝ። አምበሉን ሉቻኖ ቫሳሎን፣ ወንድሙን ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን የሚያውቅ ብዙ ነው።

የሚያሳስበኝ የሌሎቹ ነገር ነው። ከአንድ ሟች ቤት ያገኘሁት የሰፈር ቡድን ፎቶ ላይ ከአሥራ አንዱ የሦስቱ ስም አልታወቀም ነበር። ሆስፒታል ሳለሁ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ካርድ ላይ «ስሙ ያልታወቀ» ብለን እንጽፍ ነበር፤ ዘመድ መጥቶ በስሙ ሲጠራው ክፍሉ ሁሉ እፎይ ይላል። ፎቶውን ይዤ ሽማግሌዎችን ስጠይቅ፣ አንዲት እናት መነጽራቸውን አስተካክለው ጣታቸውን አንዱ ፊት ላይ አሳረፉ። «ይሄማ ወንድሜ ነው!» አሉ። ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም። ኮፒውን ለራሴ አስቀርቼ ዋናውን ሰጠኋቸው። እሳቸውም የቀሩትን የሁለቱን ስም ነገሩኝ።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ያለውን የድሮ ፎቶ በሙጫ አትለጥፉት፣ ላሚኔትም አታስደርጉት፤ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ከሁሉ በፊት ግን አባትና እናታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ስሞቹን ጠይቋቸው። ከጀርባው በእርሳስ፣ ቀስ አድርጋችሁ ጻፉ። ፎቶው ሊቆይ ይችላል፤ ስሙን የሚያውቁት ግን እያለቁብን ነው።