ችቦው አሁንም ይበራል

ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ከአልጋ ስር ካለው ካርቶን ውስጥ የድሮው ዴስክቶፓችን ሀርድ ዲስክ ወጣ። 80 ጊጋ ነው። ኮምፒውተሩ ከተሸጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ዲስኩን ግን ያኔ ነቅዬ አስቀርቼው ነበር። በዩኤስቢ ኬብል ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ትንሽ ተንጫጫና ተከፈተ። የትምህርት ቤት አሳይመንት፣ የሠርግ ፎቶ፣ ስማቸው የተበላሸ ዘፈኖች። ከነሱ መሀል አንዲት ፎልደር፦ እኔና ታናሽ ወንድሜ ማይንክራፍት ውስጥ የሠራነው ሰፈር።

የሠራነው በ2011 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጌሙን የገዛችልን አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ ናት፤ እዚህ ሆኖ በካርድ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። አንዴ ካወረድነው በኋላ፣ ኢንተርኔቱ ስለሚያስመርር፣ አፕዴት የሚባል ነገር አንነካም። ቤታ 1.7.3 ላይ ቆምን። በዚያ ቨርዥን ረሃብ የለም፣ ሩጫ የለም። ሥጋ ስትበላ ልብህ ወዲያው ይሞላል፤ ከዚያ ግንባታህን ትቀጥላለህ። ትንሽ ቆይቶ የወጣው ቤታ 1.8 ረሃብንም ሩጫንም አመጣ፣ መሬቱ የሚፈጠርበትን መንገድም ቀየረው። እኛ ግን የምናውቀው ያንን ነው።

ፎልደሯን ኮፒ አድርጌ መጀመሪያ ከዓመታት በኋላ በወጣ ቨርዥን ከፈትኳት። ተከፈተች። ቤታችን አለ፣ ድልድዩ አለ። ግን ወደ ምሥራቅ፣ ያኔ ሄደን ወደማናውቅበት በኩል ስራመድ፣ ጌሙ አዲስ መሬት በአዲሱ ሕግ እየፈጠረ መጣ። የኛ ኮረብታ የሚያልቅበት ላይ መሬቱ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባሕር። እዚያ ጫፍ ላይ ቆሜ ቆየሁ። ሰፈሩ የኛ ነው፣ ሀገሩ ግን ሌላ ሆኗል።

ያን ጊዜ ነው ፕሪዝም ላውንቸርን ያወረድኩት።

ላውንቸር ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ጌሙ ራሱ አይደለም፣ የበሩ ዘበኛ ነው በሉት። አካውንታችሁን ያጣራል፣ የጎደለ ፋይል ካለ ያወርዳል፣ ከዚያ ይከፍትላችኋል። ዘበኛው የባለቤቱ ቅጥረኛ ስለሆነ ባለቤቱ ዛሬ የሚፈልገውን ነው የሚያስገባው። እውነቱን ለመናገር የማይንክራፍት የራሱ ላውንቸርም የተወሰኑ አሮጌ ቅጂዎችን ያቀርባል፤ ብዙ ኩባንያዎች ይህንንም አያደርጉም። ሁሉንም ግን አያቀርብም። ደግሞም በጣም የቆዩት ቅጂዎች የተጫዋቹን መልክ ከተዘጉ አድራሻዎች ይጠይቃሉ፤ መልስ ሳያገኙ ይቀራሉ። ደጋፊዎች የሠሯቸው እንደ ቤታክራፍት ያሉ ላውንቸሮች ያንን ጥያቄ ጠልፈው በሕይወት ወዳለ አድራሻ ይመሩታል።

ፕሪዝም በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነጻ ፕሮግራም ነው። የተገዛ አካውንት ይጠይቃል፤ የመስረቂያ መሣሪያ አይደለም። እያንዳንዱን ቨርዥን በየራሱ ፎልደር ያኖራል፤ ለአሮጌው ጌም አሮጌውን ጃቫ መስጠት ይቻላል። አንዱ የሌላውን ዕቃ አይነካም። የኔንና የወንድሜን 2011 ብቻዋን ዘግቶ የሚያስቀምጥ ነገር ነው።

የፕሪዝም የራሱ ታሪክም ይገርመኛል። ከሱ በፊት ፖሊኤምሲ የሚባል ላውንቸር ነበር። በ2022 የፕሮጀክቱ ባለቤት አንድ ቀን ተነስቶ አብረውት ይሠሩ የነበሩትን ሁሉ ከፕሮጀክቱ አስወጣቸው። በሌላ ቦታ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ኮዱ ክፍት ስለነበረ ግን የተባረሩት ሰዎች ያንኑ ኮድ ወስደው፣ ስም ቀይረው፣ ወዲያው ቀጠሉ። ፕሪዝም ማለት ያ ነው። እኔ ዕቃዬን ለማን ነው የማምነው ብዬ ስጠይቅ ይህን አስባለሁ፦ ባለቤቱ ሲቀየር የማይሞተውን ነው የማምነው።

ኦምኒአርካይቭ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ የጠፉ የማይንክራፍት ቅጂዎችን የሚፈልጉ። ለዓመታት ከፈለጉት አንዱ አልፋ 1.1.1 ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2010 ወጣ፤ ስክሪኑን ግራጫ የሚያደርግ ስህተት ስለነበረበት በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ በሌላ ተተካ። በዚያች ቅዳሜ በነዚያ ጥቂት ሰዓታት ያወረደ ሰው ካልተገኘ ለዘላለም ጠፍቷል ማለት ነው። እነሱ ያን ቀን የተጻፉ ትዊቶችን አንድ በአንድ አበጠሩ። በ2021 ያኔ አውርዶ ያስቀመጠ አንድ ሰው ተገኘ፣ ፋይሉም እጁ ላይ ነበር። ‹‹ለተበላሸ ጌም ይህ ሁሉ ድካም?›› የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ጌሙን የሠራው ሰው በዚያ ሳምንት ምን እያሰበ እንደነበር የሚናገረው ያ ፋይል ነው፤ የደራሲ ረቂቅ ተገኘ ሲባል የምንደሰተው ለዚሁ አይደለም?

ማይንክራፍት እንኳ ዕድለኛ ነው፤ ሚሊዮኖች ይወዱታል። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ በብሮውዘር እንጫወታቸው የነበሩትን ትንንሽ የፍላሽ ጌሞች አስቡ። የሰዓቱ ሒሳብ እየቆጠረ፣ ከኋላ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ አንገትህ ላይ እየተነፈሰ። አዶቢ በ2020 መጨረሻ ፍላሽን መደገፍ አቆመ፤ በጃንዋሪ 2021 ፕሮግራሙ ራሱ ይዘቱን ማጫወት እንዳይችል ተደረገ። ፍላሽፖይንት የሚባለው ላውንቸር ግን ከ2018 ጀምሮ ሲሰበስብ ቆይቶ ነበርና ከመቶ ሺህ በላይ ጌሞችን አተረፈ። ዘዴው ደስ ይላል። ብዙዎቹ ጌሞች ከራሳቸው ድረ ገጽ ውጭ አንነሳም የሚሉ ስለሆኑ፣ ላውንቸሩ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያ ድረ ገጽ ዛሬም እንዳለ ያስመስልላቸዋል። ጌሙ ቤቱ እንዳለ ይመስለዋል፣ ይነሳል።

ፋይሉ መኖሩ ብቻ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። ብራናው ተቀምጦ ግዕዝ የሚያነብ ሰው ቢጠፋስ? ጌም ደግሞ ከዚያ ይከፋል፤ ካልተነሳ፣ ካልተጫወቱት፣ የለም።

‹‹ዘ ክሩ›› የሚባለውን የመኪና ጌም የገዙ ሰዎች ያዩት ይህንኑ ነው። በ2014 የወጣ፣ መላ አሜሪካን አሳጥሮ ከዳር እስከ ዳር የሚያስነዳ ጌም ነበር። ብቻህን ስትነዳ እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት ነበረበት። ዩቢሶፍት ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋ፤ ዲስኩን በእጃቸው የያዙ ሰዎች ሳይቀሩ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሮስ ስኮት የተባለ ዩትዩበር ከዚያ ተነስቶ ‹‹ጌሞችን መግደል አቁሙ›› የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ በ2025 አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ደጋፊዎች የሰርቨሩን ሥራ የሚተካ ፕሮግራም ከነማስነሻው ሠርተው ጌሙን መልሰው አስነሱት። ኩባንያው የዘጋውን በር ተጫዋቾች በትርፍ ጊዜያቸው ከፈቱት።

የጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶዎቹ ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ይህ እንግዲህ መደብሩም ቤተ መጻሕፍቱም ባለበት ሀገር ነው።

ስለኛስ? የኛ ልጆች የሠሯቸው ጌሞች አሉ፤ የቅኔ ጌምስ ኩኩሉና ገበጣ የስልክ ጌሞች ናቸው። ስልክ ደግሞ ከኮምፒውተር የባሰ ረሺ ነው። አፕል በ2017 አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ በ32 ቢት የተሠሩ አፖች ሁሉ እሱ ላይ መከፈት አቆሙ፤ የገዛቸው ሰው ስልኩን አፕዴት ሲያደርግ ሄዱ። የኩኩሉን የመጀመሪያ ቅጂ ፋይሉን አውጥቶ ያስቀመጠ ሰው አለ? ካለ ከልቤ አመሰግነዋለሁ፤ እባክህ ሁለተኛ ዲስክ ላይም ገልብጠው። እዚህ የሚያነቡ የጌም ሠሪዎች ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን የሚነሳ ቅጂ ከነኮዱ አንድ ቦታ አስቀምጡልን። ስለ ስህተቶቹ አትፈሩ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ፕሪዝም ላይ ቤታ 1.7.3ን መርጬ ዓለማችንን ከነበረችበት አስነሳኋት። ቤታችን ደጃፍ ላይ ሁለት ችቦ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ የተሰካ። ውስጥ ሣጥኑን ስከፍት 11 የተጠበሰ ሥጋና አንድ ሊሰበር የደረሰ የብረት ዶማ። ፎቶ አንስቼ ውጭ ሀገር ላለው ወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለት። መልሱ በድምፅ መጣ፦ ‹‹ጋሼ፣ የግራውን ችቦ እኔ ነኝ የሰካሁት፤ አስተካክል ስትለኝ እምቢ ብዬህ ነበር።›› ከዚያ ዝም አለ፤ ከዚያ ‹‹ላክልኝ›› አለ።

ፎልደሯን ዚፕ አድርጌ ላክሁለት። ከሥሯ የላውንቸሩን ስም፣ የቨርዥኑን ቁጥር ጻፍኩና ጨመርኩ፦ ‹‹በአዲሱ እንዳትከፍታት። ችቦውንም አትንካው።››