አሮጌው ካርታና የደብራችን ዐጸድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ ካርታ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ነገሩ በመጀመሪያ የጂኦግራፊ ትምህርት ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ያ ካርታ ወደ አያቶቼ ደብር፣ ከደብሩም ወደ ገዛ ቤተሰቤ ማሳ አድርሶኛልና እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት ታነብቡልኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ።

አያቶቼ በደቡብ ጎንደር፣ በፋርጣ ወረዳ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር የኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት በከተማ ነው። በክረምት የትምህርት ዕረፍት ወደ እነርሱ ስሄድ፣ ሴት አያቴ ነፍሳቸውን ይማርልንና፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይሉ ነበር፦ «በእኛ ጊዜ ወደ ጸበሉ ስንወርድ ፀሐይ አያገኘንም ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ምንጩ ጥላ ነበረ።» እኔ የማውቀው ጸበል ግን በተራቆተ ማሳ ዳር ያለ፣ ከጥር ወዲያ የሚደርቅ ጭቃማ ጉድጓድ ነው። በእርሱና በቤተ ክርስቲያኑ ደን መካከል የአጎቴ የጤፍ ማሳ ተዘርግቷል። ስለዚህ የአያቴን ቃል የእርጅና ትዝታ ነው ብዬ በልቤ አልፌው ነበር።

ከዓመታት በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን እያንዳንዳችን የአባቶቻችንን ደብር ታሪክ ጽፈን እንድናመጣ ታዘዝን። እኔም የጽሑፍ ማስረጃ ሳጣ፣ ዕድሜያቸውን በቅየሳ ሥራ ያሳለፉ አንድ የአጥቢያችን አባት ጠሩኝና ያረጀ የመሬት ገጽታ ካርታ ሰጡኝ። «የአገርህ ታሪክ እዚህ አለ፤ ማንበብ ከቻልህ» አሉኝ።

ማንበብ አልቻልሁምና እርሳቸው አስተማሩኝ። መስፈርቱ 1፡50,000 ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ 50 ሜትር ማለት ነው። ቡናማዎቹ መስመሮች እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛሉ፤ ሲቀራረቡ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው። ሰማያዊው ውኃ ነው፤ አረንጓዴው ደንና ቁጥቋጦ ነው። ትንሿ የመስቀል ምልክት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከሁሉ አስቀድሜ ግን የካርታውን ኅዳግ እንዳነብ አዘዙኝ፤ የአየር ፎቶግራፉ የተነሣበት ዓመትና ካርታው የታተመበት ዓመት የተለያዩ ናቸውና። ካርታ የሚመሰክረው ፎቶግራፉ ስለተነሣበት ቀን እንጂ ስለታተመበት ቀን አይደለም። የእኔው ከተነሣ አርባ ዓመት ያህል አልፎታል።

የቦታ ስሞቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ጠ እና ተ አይለዩም፤ ስለዚህ ስሙን የአገሩ ሰው ካላነበበልህ በቀር ትስታለህ። ቢሆንም እነዚያ ስሞች ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ዛሬ አንድም ወይራ የሌለበት ሜዳ በወይራ ስም ይጠራል። ዝግባ ያላየ ልጅ በዝግባ በተሰየመ ጉብታ ላይ ከብት ይጠብቃል። ዛፉ ሲቆረጥ ስሙ ቀርቶ ምስክር ሆኗል።

እንዲህ እያነበብሁ የእኛን ደብር አገኘሁት። መስቀሏ አለች፤ በዙሪያዋ አረንጓዴው አለ። ከመስቀሏ በስተ ደቡብ፣ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ የምንጭ ምልክት ተቀምጧል። አረንጓዴው ቀለም ምንጩን አልፎ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ዛሬ ግን ደኑ ከቤተ ክርስቲያኑ 125 ሜትር ያህል እንደሄደ ያበቃል። በካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ዛሬ ባዶ የሆነው፣ በደኑና በጸበሉ መካከል ያለው ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ የእርሳስ ጫፍ ይሸፍነዋል። ያ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ግን የአጎቴ ማሳ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን አልደብቃችሁም። የደብሩን ታሪክ ለመጻፍ የነበረኝ ጉጉት በረደ። «ካርታው ተሳስቶ ይሆናል» የሚል አሳብ መጣልኝ፤ እንዲሳሳትም ተመኘሁ።

በቀጣዩ የትንሣኤ በዓል ወደ አገር ቤት ስወርድ፣ የምንጩን ቦታ የሚያመለክቱትን ቁጥሮች ከካርታው ላይ ወስጄ ወደ ስልኬ አስገባኋቸውና ስልኩ ወደ መራኝ ሄድሁ። ወንዙን አሻግሮ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ አቆመኝ። ምንጭ የለም፤ የምንጭ ምልክትም የለም። ደስ አለኝ! ካርታው ስቷል፣ አያቴም ተሳስተዋል፣ ማሳችንም ንጹሕ ነው ብዬ ተመለስሁ።

ለእኒያ ቀያሽ አባት በደስታ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። «ካርታው አልሳተም፤ አንተ ሁለት መለኪያ ደባልቀህ ነው» አሉኝ። የቀድሞዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። ስሙ የተወሰደው በአባይ ሸለቆ፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ ነው። ስልካችን የሚጠቀመው መነሻ ግን ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል በእኛ አካባቢ በሰሜን አቅጣጫ 200 ሜትር፣ በምሥራቅ 90 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ይህን ያላረመ ሰው ከእውነተኛው ቦታ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይስታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በካርታውም በምድርም ላይ ያልተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ፈልግ፣ በእርሱ ልዩነቱን ለካ፣ ከዚያ ሌላውን ሁሉ በዚያ አርም አሉኝ።

በመንደራችን ያልተንቀሳቀሰ ነገር ምን አለ? ቤቶቹ ፈርሰው ተሠርተዋል፤ መንገዱ ዞሯል፤ ወንዙ እንኳ ዳሩን በልቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ በቦታው አለ። በሰኔ ተመልሼ በደጀ ሰላሙ ቆሜ ስልኬን አነበብሁ፤ ልዩነቱ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። በዚያ አርሜ ስሄድ ጭቃማው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ደረስሁ። አያቴ አልተሳሳቱም ነበር።

ይህ በእኛ ደብር ብቻ የሆነ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,400 በላይ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉና በብዙዎቹ ዙሪያ ያሉት ደኖች የአገር በቀል ዕፀዋት የመጨረሻ መጠጊያ እንደሆኑ ያጠኑት፣ ብዙዎቻችን በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የምናውቃቸው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ ወራሪ ጦር ለራሱ ዓላማ ከአውሮፕላን ያነሣቸው በርካታ ፎቶግራፎችም ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ ተከማችተው ቆይተዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሡትን የዚሁ አካባቢ ፎቶግራፎች በ2015 ከነበረው ሁኔታ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ስፋት በአብዛኛው ብዙ እንዳልተለወጠ፣ ይልቁንም በዙሪያቸው እንደ አጥር የነበረው ቁጥቋጦ ጠፍቶ እርሻ እንደ ሆነ አግኝተዋል። እናስተውል፤ አባቶቻችን በዚያ ሁሉ ጦርነትና ረኀብ መካከል ደኑን ጠብቀዋል። ያልተጠበቀው ዳርቻው ነው። ዳርቻ ደግሞ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በየዓመቱ በአንድ ትልም ነው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በዚያው ሰሞን ማታ፣ ራት ከበላን በኋላ፣ ካርታውን በኩራዝ ብርሃን ዘረጋሁላቸው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መስቀሏን፣ ምንጩን፣ አረንጓዴውን አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ለአንተ ካርታው አሁን ነገረህ። እኔ ግን በሬ ስነዳ ነበርሁ። መሬት በተሸጋሸገ ጊዜ ድርሻችን ጠበበ፤ እኛ ደግሞ ሰባት ልጆች ነበርን። አባቴ ቁጥቋጦውን በሦስት ክረምት መነጠረው። ዛፍ አልነካም፤ ቁጥቋጦ ብቻ ነው ይል ነበር። ከዚያ ማሳ ያገኘውን የመጀመሪያ ቁና እስኪሞት ድረስ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር። እንቅልፍ ግን አልሰጠውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» አልኋቸው።

«እናቴ ስትነግራችሁ ኖራ የለ? ጥላ ነበረ ስትል ምን የምትል መስሎህ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አያቴ በየክረምቱ ይመሰክሩልን ነበር። ባላቸውን ሳይከሱ፣ እውነቱንም ሳይደብቁ፣ ጥላውን ብቻ ያነሡ ነበር። እኔ ግን ቃላቸውን ሰምቼ ያላመንሁትን ነገር ከወረቀት ላይ ሳየው አመንሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእውነቱ ሳላበዛ ልንገራችሁ። አጎቴ ማሳውን በሙሉ አልተዉም፤ ቤተሰባቸው የሚበላው ከእርሱ ነውና እኔም በከተማ ተቀምጬ ይህን ልጠይቃቸው አልደፈርሁም። ነገር ግን ከንስሐ አባታቸውና ከደብሩ አባቶች ጋር ተመካክረው በምንጩ ዙሪያ ማረስ አቆሙ። ከደኑ ጫፍ እስከ ምንጩም ዐሥራ አምስት እርምጃ የሚሰፋ መተላለፊያ ለቀቁ። የመንደሩ ልጆች ከማሳው ድንጋይ ለቅመው ካቡት። ድንጋዩ ለእርሻው እንቅፋት፣ ለዐጸዱ አጥር ሆነና ሁለቱም ተጠቀሙ። በሐምሌ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ተከልን። ግማሹን ፍየል በላው፤ ግማሹ ጸድቋል። ምንጩ ዛሬም በበጋ ይደርቃል። ጥላው ገና ከጉልበት አልበለጠም።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ እናንተም ይህን ብታደርጉ መልካም ነው። የቀድሞው የካርታ ሥራ ተቋም ሥራ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነውና የወላጆቻችሁን አካባቢ ካርታ ከዚያ ጠይቁ። መጀመሪያ ኅዳጉን አንብቡ፤ የፎቶግራፉን ዓመት በማስታወሻችሁ ጻፉ። ቤተ ክርስቲያኑን መነሻ አድርጉና ልዩነቱን አርሙ። ከዚያ ካርታውን ይዛችሁ ወደ አረጋውያኑ ሂዱ፤ የእያንዳንዱን ቦታ ስም በእነርሱ አንደበት ሰምታችሁ በገዛ ፊደላችን ጻፉት። የጠፋውን ምንጭ፣ የተዘጋውን የእግር መንገድ፣ የፈረሰውን መንደር የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ካርታን ለጠብ አታንሡት። አረንጓዴው ቀለም በዚያ ቀን ምን በቅሎ እንደ ነበር ይናገራል እንጂ መሬቱ የማን እንደ ሆነ አይናገርም። ለፍርድ የሚሮጥ ሰው በካርታው ላይ የሌላውን ማሳ ይፈልጋል። እኔ ግን የራሴን አገኘሁ። መጽሐፈ ምሳሌም በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ አባቶች የሠሩትን የጥንት ድንበር እንዳናፈልስ ሲያዝ፣ ትእዛዙ አስቀድሞ የሚመለከተው የገዛ እጃችንን ነው።

አረጋውያን ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ካርታ እስክታገኙ አትጠብቁ። ዛሬ አጠገባቸው ተቀመጡና «ጥላው እስከ ምን ድረስ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የነገሯችሁንም እመኗቸው።

አምላከ አበው የአባቶቻችንን ርስት የምንጠብቅበትን ማስተዋል ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።