የእናታችን ጥያቄ

ኬን በርንስ ስለ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ያዘጋጀውን፥ በ2009 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቴሌቪዥን የታየውን ባለ ስድስት ክፍል ፊልም በቅርቡ ከእናታችንና ከልጆቻችን ጋራ ተመለከትን። የዮሰሚቲ ፏፏቴ ከገደሉ ሲወረወር ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ እኛም የፈጣሪን ሥራ እያደነቅን ዝም አልን። አብሮን የነበረው ወንድማችን የሎውስቶን በ1872 ለሕዝብ መከለሉን እጅግ አመሰገነ።

የስሜን ተወላጅ የሆኑት እናታችን ግን ብዙ ከቆዩ በኋላ፥ «በዚህ ሁሉ አገር ጭስ የሚወጣበት ቤት የለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። በዮሰሚቲ ሸለቆ ይኖሩ የነበሩት አህዋኒቺዎች በ1851 በወታደር ኃይል መባረራቸውን ነገርናቸው። እሳቸውም ወዲያው የግጭን ሰዎች አነሡ። የግጭ መንደር ከስሜን ተራሮች ፓርክ በ2016 ተነሥቶ ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በርግጥ ምድሩ በግጦሽና በእርሻ ተጎድቶ ነበር፤ ፓርኩም በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ በ1996 ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያም ከዚያ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውም። ይህን ሁሉ ብናስረዳቸው፥ «ለዋልያው ደስ ይበለው፤ ገብስ ሲዘራ የኖረ ሰው ግን በከተማ ምን ይዘራል?» አሉን።

ልጆቹ የሚቀጥለውን ክፍል እንድንከፍትላቸው ለምነው ነበር፤ በዚያች ማታ ግን አልከፈትንም።