የአንድ ከተማ ልጆችና የአንዲት አሮጊት ጥያቄ

ኹለት ሰዎች በእንግዳ አገር ሲገናኙ ከስማቸው ቀጥሎ የሚጠያየቁት የትውልድ ቦታቸውን ነው። ወንዛቸው አንድ ኾኖ ከተገኘ ጨዋታው ይሞቃል፤ ልብ ለልብም ይቀራረባል። ይህ ልማድ በሲኒማ ዓለምም አለ። አንድ ተዋናይ ወይም አንድ የፊልም አዘጋጅ ስሙ በዓለም በተጠራ ጊዜ የከተማው ሰዎች «የእኛ ልጅ ነው» ብለው ይኮራሉ፤ ሐውልት ያቆሙለታል፤ ጎዳና ይሰይሙለታል። ኩራቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከኩራቱ በስተኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከተማ ለልጆቿ የምትሰጠው ምንድን ነው? ልጆቿስ በተሰጣቸው ነገር ምን ይሠሩበታል? ይህን ለመመርመር ከብዙዎቹ ከተሞች መካከል አንዲቱን መርጠናል፤ ይኸውም በጆርጂያ አገር በምዕራብ በኩል፣ በሪዮኒ ወንዝ ዳር የምትገኘው ኩታይሲ ናት። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጆርጂያ በአራተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን የተቀበለች አገር ስለ ኾነች በዚህ ከእኛ አገር ጋር እኩያ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ የኬልቄዶንን ጉባኤ ከተቀበሉት ወገን በመኾኗ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ አይደለችም። ቢኾንም ጾምና በዓል፣ ገዳምና ቅዱሳት ሥዕላት ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የተዋሐዱበትን አገር ጠባይ ለመረዳት ለእኛ ቤተሰብ አያስቸግርም። በኩታይሲ ከፍ ባለው ኮረብታ ላይ በእመቤታችን ዕረፍት ስም የተሠራ ታላቅ ካቴድራል አለ፤ ስሙም ባሠራው ንጉሥ በባግራት ሦስተኛ ምክንያት ባግራቲ ይባላል። በ1003 ዓ.ም. ወለሉ እንደ ተነጠፈ የተቀረጸው ጽሑፍ ይመሰክራል። በ1692 ዓ.ም. የኦቶማን ቱርክ ወታደሮች በባሩድ ስላፈነዱት ጉልላቱና ጣራው ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ትውልድ የኩታይሲ ልጅ ቀና ብሎ ኮረብታውን ሲመለከት የሚያየው ጣራ የሌለው፣ ግድግዳው ብቻ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ከዚህች ከተማ ለሲኒማ ከተወለዱት ውስጥ ሦስቱን እንጥቀስ። መጀመሪያዪቱ በ1897 ዓ.ም. የተወለደችው ታላቋ ተዋናይ ቬሪኮ አንጃፓሪዜ ናት። ኹለተኛው በ1924 ዓ.ም. የተወለደው የፊልም አዘጋጅ ተንጊዝ አቡላዜ ነው። ሦስተኛው በ1926 ዓ.ም. የተወለደው አዘጋጅ ሬዞ ችኸይዜ ነው። ኹለቱ ወንዶች በትብሊሲ የቴአትር ትምህርት ከተማሩ በኋላ አብረው ወደ ሞስኮ የሲኒማ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ከዚያም በተመለሱ ጊዜ የመጀመሪያውን ታላቅ ሥራቸውን በኅብረት ሠሩ።

ይህ ሥራ በ1955 ዓ.ም. የወጣው «የማግዳና አህያ» የተባለው ፊልም ነው። ማግዳና ባሏ የሞተባት፣ እርጎ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ድኻ ናት። ልጆቿ አንድ ቀን በመንገድ ዳር ሊሞት የተጣለ አህያ ያገኛሉ። አስታመው፣ አብልተው፣ አጠጥተው ያድኑታል። አህያው በረታ፤ የእናቲቱንም ሸክም አቃለለ። ከዚህ በኋላ ጥሎት የሄደው የከሰል ነጋዴ «አህያዬ ነው» ብሎ ከሰሰ፤ ዳኛውም ለነጋዴው ፈረደለት። ታሪኩ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በተደረገው የፊልም ጉባኤ ላይ ሽልማት አገኘ።

እኛ በቤታችን ይህን ፊልም ባየን ጊዜ ከመካከላችን ጆርጂያኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ልጆቹ የትርጕሙን ጽሑፍ ለማንበብ ይሽቀዳደሙ ነበር። በዕድሜ የገፉት እናታችን ግን ማንም ሳይተረጕምላቸው ነገሩ ገብቷቸው፣ «ያስታመመው ሳይኾን የጣለው ወሰደው» ብለው አዘኑ። ያን ጊዜ እኛ የተረዳነው ነገር ቢኖር፣ ስለ አንድ ሰፈር ሰዎች በእውነት የተነገረ ታሪክ የየትኛውንም አገር ሰው በር እንደሚያንኳኳ ነው።

ከዚህ በኋላ ኹለቱ የከተማ ልጆች በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ችኸይዜ በ1964 ዓ.ም. «የወታደር አባት» የሚባለውን ፊልም ሠራ። በዚህ ፊልም አንድ ሽማግሌ የወይን ገበሬ፣ ልጁ በጦርነት ቈስሎ በሆስፒታል መተኛቱን ሰምቶ ሊጠይቀው ከመንደሩ ይነሣል። ከሆስፒታሉ ሲደርስ ልጁ ወደ ጦር ሜዳ ተመልሷል። ሽማግሌውም ልጁን ለመፈለግ ከወታደሮች ጋር ዘምቶ እስከ በርሊን ይደርሳል። በጀርመን ምድር ታንክ የወይን ተክል ሊረግጥ ባየ ጊዜ በቍጣ አስቆመው፤ በጠላት አገር የበቀለም ቢኾን ወይን ወይን ነውና። በመጨረሻም ልጁን አገኘው፤ ያገኘው ግን በክንዱ ላይ ሊሞት ነው። የሽማግሌው ተዋናይ ሰርጎ ዛካሪያዜ የኩታይሲ ተወላጅ ባይኾንም በዚህ ሥራው በ1965 ዓ.ም. በሞስኮ የፊልም ጉባኤ የተዋናይነትን ሽልማት ተቀበለ።

ይህን የበርሊን ፍጻሜ ከሌላ በርሊን ጋር ማነጻጸር ይገባል። የቬሪኮ አንጃፓሪዜ ባል ሚኻይል ቺያውሬሊ የተባለ የትብሊሲ ሰው፣ እርሱም የታወቀ አዘጋጅ ነበር። ይህ ሰው በ1946 ዓ.ም. «መሐላው»ን፣ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ «የበርሊን ውድቀት»ን ሠራ። ኹለቱም ስታሊንን ከሰው በላይ አድርገው የሚያሞግሱ ናቸው። በ«የበርሊን ውድቀት» ፍጻሜ ላይ ስታሊን ነጭ ልብስ ለብሶ በአውሮፕላን ወደ ተያዘችው ከተማ ይወርዳል፤ ሕዝቡም በእልልታ ይቀበለዋል። ይህ ነገር በእውነት አልተደረገም። ስታሊን በድል ቀን እንዲህ ኾኖ በበርሊን አልወረደም። እንግዲህ በአንዱ ፊልም በርሊን የአንድ ገዢ ክብር መድረክ ናት፤ በሌላው ፊልም አንድ አባት ልጁን ያጣባት ቦታ ናት። ካሜራው ያው ካሜራ ነው፤ የሚለያየው ከካሜራው በስተኋላ የቆመው ሰው የሚፈራውና የሚወደው ነገር ነው።

ሐሰትን በውበት አስጊጦ ለሕዝብ ማሳየት በሲኒማ የሚቻል መኾኑን ወላጆች ኹሉ ሊያስቡበት ይገባል። የ«የበርሊን ውድቀት» አዘጋጅ ያልተማረ ወይም ሙያ የጐደለው ሰው አልነበረም። ሙያው ታላቅ ስለ ነበረ ሐሰቱም ታላቅ ኾነ። ልጆቻችን በሚያዩት ነገር ውስጥ ነውርን ብቻ ፈልገን «ነውር የለበትም» ብለን የምንፈቅድላቸው ከኾነ፣ ነውር የሌለበት ሐሰት መኖሩን ረስተናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ተንጊዝ አቡላዜ እንመለስ። በ1984 ዓ.ም. አቡላዜ «ንስሓ» የተባለውን ፊልም ፈጸመ። ጆርጂያ ያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ሥር ስለ ነበረች እንዲህ ያለውን ነገር መሥራት ቀላል አልነበረም። የጆርጂያ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ የነበረው ኤድዋርድ ሸቫርድናዜ ፈቅዶለት ተሠራ፤ ተሠርቶም ከሕዝብ ዐይን ተሰወረ። በ1986 ዓ.ም. መጨረሻና በ1987 ዓ.ም. መጀመሪያ የዘመኑ መንፈስ በተለወጠ ጊዜ ብቻ በአደባባይ ታየ፤ በዚያው በ1987 ዓ.ም. በካን ታላቁን የዳኞች ሽልማት ተቀበለ።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። ቫርላም የሚባል የአንዲት ከተማ ከንቲባ ይሞትና በክብር ይቀበራል። በማግሥቱ ሬሳው ከመቃብር ወጥቶ በልጁ ቤት የአትክልት ቦታ ቆሞ ይገኛል። ይቀብሩታል፤ እንደ ገና ይወጣል። በመጨረሻ ሬሳውን የምታወጣው ሴት ትያዛለች፤ ስሟ ኬቴቫን ይባላል። በፍርድ ቤት ቀርባ ምክንያቷን ትናገራለች። አባቷ ሠዓሊ ነበር። ከንቲባው በጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሳይንስ መሣሪያ አስገብቶ ሕንፃውን ሲያናጋው ሠዓሊው ከሽማግሌዎች ጋር ሄዶ «ተው» አለ። ስለዚህም ተያዘ፤ ጠፋ። እናቷም ተከተለችው። ቤተ ክርስቲያኑም በፈንጂ ፈረሰ። አቡላዜ ለቫርላም የሰጠው መልክ የአንድ አምባገነን መልክ ብቻ እንዳይኾን የሂትለርን ጢም፣ የቤርያን መነጽርና የሙሶሊኒን ጥቁር ሸሚዝ በአንድ ፊት ላይ ሰብስቧል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ልብን የሚሰብር አንድ ቦታ አለ። ከግዞት አገር የተቈረጠ ግንድ በባቡር መምጣቱ ይሰማል። እስረኞቹ በግንዱ ላይ ስማቸውን ይቀርጹ ስለ ነበር፣ ሚስቶችና ልጆች በጭቃው ውስጥ እየተመላለሱ የአባታቸውን ስም በግንዱ ላይ ይፈልጋሉ። በእኛም አገር በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1977ና በ1978 ዓ.ም.፣ የልጆቻቸውን ስም ከእስር ቤት በር ላይ ሲጠይቁ የዋሉ እናቶች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻቸውም።

የፊልሙ ታላቅ ነገር ግን ከንቲባው አይደለም፤ ቤተሰቡ ነው። የከንቲባው ልጅ አቤል የአባቱን ሥራ ያውቃል፤ ያውቃልና ይሸፍናል። «ዘመኑ እንዲያ ነበር» ይላል። ልጁ ቶርኒኬ ግን በፍርድ ቤት ተቀምጦ የአያቱን ሥራ ይሰማል። አባቱን በጠየቀው ጊዜ እውነትን ስላጣ ራሱን ይገድላል። አቤልም በመጨረሻ የገዛ አባቱን ሬሳ ከመቃብር አውጥቶ ወደ ገደል ይጥለዋል። እንግዲህ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ቤትና መሬት ብቻ አይደለም። ያልተነገረውንም ነገር ይወርሳል፤ ዕዳው ከወራሹ ይልቅ በወራሹ ልጅ ላይ ይከብዳል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶች ቃል ደስ የሚያሰኝ ተስፋ ነው፤ ነገር ግን በቤቱ እውነትን ለሚሸሽግ ወላጅ ማስጠንቀቂያም ነው።

ፊልሙ የሚፈጸመው ጸጥ ባለ ነገር ነው። ኬቴቫን ኬክ ጋጋሪ ናት፤ በኬኩም ላይ የአብያተ ክርስቲያናትን ምስል ትሠራለች። አንዲት አሮጊት በመስኮቷ አጠገብ ቆማ፣ ይህ መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደርስ እንደ ኾነ ትጠይቃታለች። መንገዱ በቫርላም ስም የተሰየመ ስለ ኾነ እንደማያደርስ ይነገራታል። አሮጊቷም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማያደርስ መንገድ ጥቅሙ ምንድን ነው ብላ ወደ ላይ ትወጣለች።

ይህችን አሮጊት የተጫወተችው ቬሪኮ አንጃፓሪዜ ናት፤ ስታሊንን ከደመና ያወረደው የቺያውሬሊ ባልቴት፣ የኩታይሲ ልጅ። ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እርሷም ዕድሜዋ ከሰማንያ አምስት በላይ ነበረ። ፊልሙ በሰፊው ለሕዝብ በቀረበበት በ1987 ዓ.ም. ዐረፈች። በአንድ ቤት ውስጥ ለገዢ የተሠራው ሥዕልና ያን ሥዕል የሚያፈርሰው ጥያቄ አብረው ኖሩ። በዚህ ነገር ፈራጆች ልንኾን አይገባንም፤ በዚያ ዘመን እምቢ ያሉት ሰዎች ወዴት እንደ ተወሰዱ «ንስሓ» ራሱ አሳይቶናልና። ነገር ግን ሰው በዕድሜው ማታም ቢኾን ትክክለኛውን ጥያቄ ሊጠይቅ እንደሚችል ከዚህች ሴት እንማራለን።

እንግዲህ ኩታይሲ ለልጆቿ የሰጠችው ምንድን ነው? ሙያን የሰጠቻቸው ትምህርት ቤቶቹና መምህራኑ ናቸው። ከአንድ ከተማ መወለድም ሰውን እውነተኛ አያደርገውም፤ ከእያንዳንዱ ከተማ ሠዓሊውም ከንቲባውም ይወጣሉና። ከተማ የምትሰጠው የማይረሳ ነገር ነው፤ በኩታይሲም ይህ ነገር በኮረብታው ላይ የቆመው ፍርስራሽ ነበር። ፍርስራሹን እያየ ያደገ ሰው አንድ ነገር እንደ ጐደለ ያውቃል። መታደሱ ራሱም ትምህርት አለበት። ባግራቲ በ1994 ዓ.ም. ከገላቲ ገዳም ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፎ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ጣራው ዳግመኛ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. አሠራሩ የጥንቱን እውነተኛ መልክ ለውጧል ተብሎ ከመዝገቡ ወጣ፤ ገላቲ ብቻ ቀረ። የፈረሰውን መሥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን የፈረሰ እንዳልነበረ አድርጎ መሸፈን ሌላ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በየቤታችሁ ልጆች የሚያዩት ፊልም ከቀድሞው ይልቅ በዝቷል፤ ለመቈጣጠርም አስቸግሯል። ለእያንዳንዱ ደንብ ማውጣት አይቻልም። አንድ ጥያቄ ማስተማር ግን ይቻላል። ፊልሙ ባለቀ ጊዜ ልጆቻችሁን «ደስ አላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉአቸው፤ «ይህ መንገድ ወዴት ያደርሳል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ልጆቹም በተራቸው ስለ ቤታችሁ፣ ስለ አያቶቻችሁ፣ ስላለፈው ዘመን ይህንኑ ጥያቄ መልሰው ቢያቀርቡላችሁ፣ እንደ አቤል «ዘመኑ እንዲያ ነበር» ብላችሁ አታሳልፉት። ተቀምጣችሁ ንገሯቸው።