በመኪና ግርግር የተሰፋች የወገብ ቦርሳ



ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርድ ጠባብ መንገድ አለ። ስሙ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ ተሽከርካሪ የሚተራመስበት አውራ ጎዳና ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መኪና የተባለው የስፌት መኪና ሲሆን፣ ግርግሩም በግራና በቀኝ ተደርድረው የሚሠሩት የልብስ ሰፊዎች መኪኖች የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ከኋላቸው ያሉት ሱቆች ጨርቅ ይሸጣሉ። ገዢዋ ጨርቋን አስለክታ፣ ከሱቁ ደጃፍ ለተቀመጠው ሰፊ ሰጥታ፣ ሌላ ጉዳይዋን ፈጽማ ስትመለስ ልብሷ ተሰፍቶ ይጠብቃታል።

ወደዚህ መንገድ የወሰዱን አባታችን ናቸው። ለሐጅ ከተመዘገቡ ጀምሮ «ሐረር ሳልደርስ አልሄድም» ይሉ ነበር። ሐጅ የሚወጣ ሰው ዕዳውን ከፍሎ፣ የበደለውን ሰው አፉ አስብሎ መሄድ እንዳለበት የታወቀ ስለሆነ፣ ዘመድ ሊሰናበቱ ነው ብለን ገመትን። እርሳቸው በወጣትነታቸው በመኪና ግርግር በሰፊነት ሠርተዋል። ከተማውን የለቀቁት በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር በተቃረበበት ወቅት ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ በመርፌ ባገኙት ገንዘብ እኛን ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት ልከው አስተማሩን። በሁለቱም በኩል ተምረን መምህር ሆንን። ቁልፍ መትከል ግን አናውቅም ነበር።

የጉዞው ሌላ ምክንያት የወገብ ቦርሳ ነው። የወንድ ኢሕራም ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው፤ ኪስ የለውም። አባታችን ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኪኒናቸው፣ ስኳር ድንገት ሲወርድ የሚቀምሷት ከረሜላ፣ መታወቂያ ካርዳቸው፣ ስልካቸውና ትንሽ ሪያል ከአካላቸው መራቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2024 በነበረው ሐጅ በዚያ ብርቱ ሙቀት ከ1,300 በላይ ሑጃጅ ሕይወታቸው ማለፉን ስንሰማ ጭንቀታችን ጨመረ። ከሚና እስከ ዐረፋ ባለው የሕዝብ ባሕር ውስጥ መድኃኒት ድንኳን ውስጥ ቀረ ማለት ቀልድ አይደለም። በመጀመሪያ አንድ ቦርሳ ከገበያ ገዛንላቸው። ሞልተን ስንዘጋው ዚፑ ተተረተረ። አባታችን አገላብጠው አዩትና «ይህ በሙጫ የተያዘ ነው እንጂ አልተሰፋም» ብለው መለሱልን።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። ከመስጊድ ጎረቤቶቻቸው አንዱ «ስፌት ያለበት ነገር በኢሕራም አይፈቀድም» ብሏቸው ስለነበር አባታችን ተጨንቀው ጠየቁን። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ለወንድ የተከለከለው እንደ ቀሚስና ሱሪ በሰውነት ቅርፅ ልክ ተቆርጦ የሚለበስ ልብስ ነው እንጂ ክርና መርፌ የነካው ሁሉ አይደለም። የተቀደደ ሽርጥ ተሰፍቶ ቢታጠቁት ሽርጥ ነው። ገንዘብ የሚያዝበት የወገብ ቀበቶ ደግሞ በዐረብኛ ሂምያን ይባላል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለዚሁ ተጠይቀው እንደፈቀዱት ተዘግቧል። ዐጧእም መፍቀዳቸውን አል-ቡኻሪ በሰሒሓቸው ጠቅሰዋል። የኢማም ማሊክ ሙወጦእ ውስጥ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) መታጠቂያውን ይጠሉ እንደነበር ሰፍሯል፤ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ግን ከልብስ ሥር ሆኖ ጫፍና ጫፉ በጠፍር እርስ በርሱ ከታሰረ ችግር የለውም ማለታቸው ተዘግቧል፤ ኢማም ማሊክም ይህን አብልጠው ወደዋል። አባታችን ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ዘለበት አያስፈልግም፣ በማሰሪያ ይሁን» አሉ። እህቶች እንኳ በዚህ አይቸገሩም፤ እነርሱ የለመዱትን ልብስ ለብሰው ቦርሳውን ከላይም ከሥርም መታጠቅ ይችላሉ። እንዲያውም ገንዘብን በመቀነት ጫፍ ቋጥሮ ወገብ ላይ መያዝን ያገራችን እናቶች ቦርሳ ሳይኖር ነው የጀመሩት።

ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጨርጨርን ተራሮች አቋርጠን፣ አወዳይ ላይ በጫት ገበያው ግፊያ ቆመን፣ ማታ ገባን። በማግስቱ ፈረስ መጋላ ስንደርስ አባታችን ከኛ ቀድመው መራመድ ጀመሩ። ጉልበታቸውን ማመም ያቆመ ይመስል ነበር።

የጥንት ጎረቤታቸውን እዚያው መንገድ ላይ፣ ከድሮው ቦታ ጥቂት ፈንጠር ብለው አገኟቸው። ዛሬ ሐጂ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። መኪናቸው የእግር ነው፤ ጥቁሩ ቀለም እጅ በሚያርፍበት በኩል ተፍቆ ብረቱ ያበራል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኛ የምንይዘው አጣን። ከዚያም ለቦርሳው የመጣንበትን ነገርናቸው። ሐጂ «ስፋልኝ ብትለኝ በአንድ ሰዓት እጨርሰዋለሁ። ሚና ላይ ቢተረተር ግን ማን ይጠግናል? አብረሃቸው የምትሄደው አንተ አይደለህ? ና፣ ተቀመጥ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልን።

ከሱቁ ካኪ ጨርቅ፣ ለገበር አቡጀዴ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ዚፕና ጠንካራ የፖሊስተር ክር ገዛን። ልኬቱን የሰጡን አባታችን ናቸው። ወገባቸውን በሸሚዝ ላይ ስንለካ 92 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ሐጂ ግን «ሽርጡ እኮ ወገብ ላይ ይደራረባል» ብለው ጨርቅ ጠቅልለው ሲለኩት 97 ደረሰ። የኋላው ጨርቅ 27 በ17፣ የፊቱ ለሁለት ተከፍሎ የላይኛው 27 በ6፣ የታችኛው 27 በ13 እንዲሆን በኖራ አሰመርን። በየዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ይበላል። አቡጀዴው ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ በፊት ውኃ ነክሮ ማድረቅ ይገባል። ለማሰሪያ የናይለን ሪባን ልንገዛ ስንል አባታችን ከለከሉን። ናይለን ስለሚያንሸራትት ቋጠሮ አይዝም። ካኪውን በ8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጦ፣ አራት አጥፎ በሁለቱ ጠርዝ መስፋት ይሻላል አሉ። ርዝመቱ በየጎኑ 75 ሆነ።

ልንቆርጥ መቀስ ስንጠይቅ አባታችን ከኮታቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከባድ የልብስ ሰፊ መቀስ ነው።

«ሐጂ፣ ይህ ያንተ ነው» አሉ። «ዙህር ልትሰግድ ሄደህ ሳለ ለአንድ ጨርቅ ብዬ አነሳሁት። ወዲያው ወሬው መጣ፣ ሰው ተሯሯጠ፣ እኔም ይዤው ሄድኩ። በኋላ ዛሬ ነገ እልከዋለሁ ስል አርባ ሰባት ዓመት ሆነ። አፉ በለኝ።»

እኛ ይህንን ሰምተን አናውቅም። ሐጂ ይስቃሉ ብለን ጠበቅን። አልሳቁም። መቀሱን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሳለፉና፣ «እኔስ አፉ ብያለሁ። ልጁን ግን ያኔ ጠርጥሬው ነበር» አሉ።

ልጁ የተባለው ያኔ አሥራ አራት ዓመት ገደማ የነበረ፣ ክር የሚጠቀልልና ቁልፍ የሚተክል ተላማጅ ነው። መቀሱ ሲጠፋ ሐጂ በሰው ፊት ፈትሸውት፣ ቢያጡበትም አባረሩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት መቀስ የሰፊ ግማሽ ሀብት ነው። አባታችን ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ከረሜላ ስንሰጣቸው አልተቀበሉንም፤ ሕመሙ እንዳልነበር ፊታቸው ይናገራል። ልጁ አሁን ድሬዳዋ ከፊራ ውስጥ ሻንጣና ቦርሳ እንደሚሰፋ ሐጂ በወሬ ሰምተዋል። ሄደው ግን አያውቁም።

«በል፣ ቁረጥ» አሉን ሐጂ። ጨርቁን በዚያው መቀስ ቆረጥነው።

ስፌቱ እንዲህ ነው። በካኪው ሥር አቡጀዴውን አንጥፎ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ መስፋት ለጀማሪ ቀላሉ መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለመድኃኒት የምትሆነውን ትንሽ ኪስ በኋላው አቡጀዴ ላይ መስፋት ያስፈልጋል፤ ቦርሳው ከተዘጋ በኋላ ውስጡን የሚደርስበት መርፌ የለም። ቀጥሎ ዚፑ ነው። የፊቱን ሁለት ጨርቆች ጠርዝ አጥፎ፣ በዚፑ ግራና ቀኝ አስጠግቶ፣ በእጅ መርፌ ዘምዝሞ ከያዙ በኋላ በመኪና መሄድ ነው። እኛ መዘምዘሙን ንቀን ቀጥታ በመኪና ገባን። ዚፑ እንደ እባብ ተጣመመ። ሐጂ ምንም ሳይሉ ምላጭ ሰጡን፤ ፈታነው።

የእግር መኪና እንደሚመስለው አይደለም። በስተቀኝ ያለችውን መዘውር በእጅ ወደ ራስ አዙሮ ማስነሳት፣ ከዚያ እግርን በእኩል መጠን መርገጥ ይገባል። እግር ከተሳሳተ መዘውሯ ወደ ኋላ ትዞርና ክሩ ይበጠሳል። ከሃያ ጊዜ በላይ በጥሰናል። መንገደኛ ሴቶች ቆመው ያዩን ነበር፤ አንዲት እናት «ይኼ ደሞ አዲስ ሰፊ ነው?» ብለው ጠየቁ። ካኪው አራት ሲታጠፍ ቀጭኑ መርፌ ተሰበረ፤ በቁጥር 16 ተተካ። ወፍራም ጨርቅ ወፍራም መርፌ እንደሚፈልግ ማንም ሊገምት ይችላል፤ እኛ ግን አልገመትንም።

መጨረሻ ላይ ፊትና ኋላው መልክ በመልክ ተገጥሞ፣ ማሰሪያዎቹ በመሃላቸው ወደ ውስጥ ተኝተው፣ ዙሪያው ይሰፋና በዚፑ አፍ ይገለበጣል። ስለዚህ ዚፑ ከመሰፋቱ በፊት እስከ ግማሽ መከፈት አለበት። እኛ ዙሪያውን ሁሉ ሰፍተን ስንጨርስ ዚፑ ዝግ ነበር። በዚያ ላይ የአንዱ ማሰሪያ ጫፍ ከታችኛው ጠርዝ ጋር አብሮ ተሰፍቷል። ሐጂ በዚህ ጊዜ ሳቁ፤ አባታችንም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ምላጩ እንደገና ተነሣ። ዐስር ሲቃረብ ቦርሳዋ ተገለበጠች። አንዱ ጥጓ ከሌላው ዝቅ ብሏል፤ ግን ትዘጋለች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ድሬዳዋ ስንነሣ ሐጂ ከደጃችን ቆመው ጠበቁን። «ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አለሁበት» ብለው ገቡ። ከሐረር ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደንገጎ በኋላ ያለው ቁልቁለት እስኪያልቅ ሁለቱም አልተናገሩም።

ከፊራ ውስጥ ሻንጣ ሰፊዎቹን ጠይቀን አገኘናቸው። ስልሳ ያለፋቸው፣ ጺማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ሐጂን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ እንደ ተላማጅነታቸው ዘመን። አባታችን ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ሰውዬው ሰምተው ሲጨርሱ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አዩ።

«ሁለት ዓመት እዚህ ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸክሜያለሁ» አሉ። «እሱን ትቼዋለሁ፤ አፉ ብያችኋለሁ። እናቴ ግን ሌባ ወለድኩ ብላ ነው የሞተችው።»

ሐጂ ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፈኑ። አባታችን መናገር አልቻሉም። የሚባል ነገርም አልነበረም።

ሰውዬው ራሳቸው ዝምታውን ሰበሩት። አባታችን ወገብ ላይ ያለችውን ቦርሳ አይተው «ይህን ማን ሰፋው?» ብለው ጠየቁ።

«ልጄ።»

«ያስታውቃል» አሉና ተቀበሏት። ማሰሪያውን ሳብ ሲያደርጉት ክሩ ላላ። ወደ መኪናቸው ዞረው፣ ማሰሪያው ከቦርሳው በሚገናኝበት በሁለቱም በኩል አራት ማዕዘን ሰፉና ከጥግ ወደ ጥግ አመሳቀሉበት። ጭነት የሚያርፍበት ቦታ በአንድ መስመር እንደማይያዝ ያኔ አየን። ሒሳብ ስናወጣ እጃችንን መለሱት።

«ዐረፋ ላይ ለእናቴ ዱዓ አድርግላት» አሏቸው አባታችንን፤ ስሟንም ከነአባቷ ነገሯቸው። አባታችን እንዳይረሱት በወረቀት እንድንጽፍላቸው አዘዙን። ጽፈን አጥፈን፣ ለኪኒናው በሰፋናት ትንሽ ኪስ ውስጥ ከተትነው።