አንድ ገጽ ደብዳቤ

የአባቴ ሐኪሞች ተያይተው አያውቁም። የሆርሞን መርፌውን የሚያዙለት ስፔሻሊስት ደሴ ናቸው፤ ግፊቱን የሚለካለት ጤና መኮንን እዚሁ ኩታበር ነው። በመካከላቸው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፣ አባቴም አለ። የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ፒኤስኤን “ፒያሳ” የሚል የ72 ዓመት ገበሬ።

ፒኤስኤ ከፕሮስቴት ዕጢ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ በደም ይለካል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ቁጥሩ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም። መርፌ ለሚወስድ ደግሞ የሚያሳስበው ከወረደ በኋላ ተመልሶ መውጣቱ ነው። አንድ ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ካለፈው ጋር ሲተያይ ነው ነገሩ የሚገባው።

ባለፈው ክረምት አባቴን ወገቡ ያመው ጀመር። ማስታገሻ ተሰጥቶት ተመለሰ። “አብሽሪ፣ የእርሻ ወገብ ነው” አለኝ። የፕሮስቴት ካንሰር ግን ወደ አጥንት፣ በተለይ ወደ አከርካሪ ይሰራጫል። ሕመሙ ላይ የእግር መዛል ከተጨመረ ቀን የሚሰጥ አይደለም። ደሴ ስንወስደው ቁጥሩ ወጥቶ ነበር፤ ሕክምናው ተቀየረለት። በጤና መኮንኑ አልፈርድም፤ እሱ ጋ ባለው ካርድ ላይ ካንሰር የሚል ቃል አልነበረም።

ክትትልን መጋራት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሥራው የሆስፒታሎች ነበር፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ወረደ፣ በነርሶችና በጤና መኮንኖች እጅ ገባ። አውስትራሊያ ውስጥም 88 የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚዎችን ይዞ የተሠራ ጥናት አለ። ለገሚሶቹ ከሆስፒታል ቀጠሮዎች ሁለቱ ተቀንሰው በአካባቢያቸው ሐኪም ታዩ። በጭንቀትም ሆነ በእርካታ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ወጪው ግን ቀነሰ።

ጤና ጣቢያ ካንሰር ያክም አላልኩም። መርፌውን በቀኑ ይውጋ፣ ደም ቀድቶ ይላክ፣ አደገኛውን ምልክት ይወቅ። ደም እኮ ሰውየው ሳይከተለው ደሴ መድረስ ይችላል።

እስከዚያው ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት። በሽታው፣ የመርፌው ስምና ቀን፣ የፒኤስኤ ቁጥሮቹ በተራ፣ ከታች ደግሞ “ወገቡን ካመመው ወይም እግሩ ከዛለ ዛሬውኑ ይላክ” የሚል መስመር። የደሴው ሐኪም አነበቡት፣ አንድ ቁጥር አርመው ፈረሙበት፣ ስልካቸውንም ጻፉበት። አሁን ኩታበር ካርዱ ላይ በስቴፕለር ተያይዟል። የእናንተም አባት ካርድ ይኖረዋል፤ ገልጣችሁ እዩት።